የበዓል ሩጫ ሰው እንዳያስረሳን ቀድሞ እንዴት እንደሚሰናዳ

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲኬድ ውስጥ ለውስጥ ገባ ብሎ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ዘይት፣ ስኳር፣ ቡና፣ ሳሙና፣ ሻማ እሸጣለሁ፤ በዓል ሲቃረብ ሽንኩርት፣ እንቁላልና ቀጤማ እጨምራለሁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በመስኮቴ ስር ስለሚያልፍ ማን ዘንድሮ ከሦስት ሊትር ዘይት ወደ አንድ ሊትር እንደወረደ፣ ማን እንቁላሉን ካስቆጠረ በኋላ ግማሹን እንደመለሰ፣ የማን ቤት ሰው እንደጎደለው ከሁሉ ቀድሜ አያለሁ። ሰው ክፉ ሆኖ ጎረቤቱን አይረሳም። ግን በዋዜማው ዕለት ሐሳብ ሁሉ ሽንኩርቱ፣ ዶሮው፣ መብራቱና የታክሲው ሰልፍ ላይ ነው። በዚያ መሀል «እስቲ እማማን ልያቸው» የሚል ሐሳብ ቢመጣ እንኳ እጅ በሽንኩርት ተይዟል፣ ምጣዱ ተጥዷል፣ ሰዓቱም ሄዷል። ስለዚህ ለሰው የምናደርገውም ነገር ከበርበሬውና ከቅቤው ጋር ቀድሞ መሰናዳት አለበት። እኔ የማደርገውንና በሰፈራችን ሲሠራ ያየሁትን ልንገራችሁ። የምናገረው ስለ ገና ነው፤ ለፋሲካም ለእንቁጣጣሽም ቀኑን እየቀየራችሁ ተጠቀሙበት።

ጾሙ ሲገባ ስም መጻፍ

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ይውላል። ከአርባ ቀን በላይ በእጃችን አለ ማለት ነው። ጾሙ እንደገባ አንድ ደብተር አውጡና በአንዱ ገጽ የሚገዛውን ዕቃ፣ ፊት ለፊቱ ባለው ገጽ ደግሞ የሰው ስም ጻፉ።

ስም ስትጽፉ በመጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሁልጊዜ የምትጠይቁት ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላም ጠያቂ አያጣም። ስለዚህ ለራሳችሁ ጥያቄ አቅርቡ። ካለፈው ገና ወዲህ ሰው የሞተበት ቤት የቱ ነው? ልጆቹ ውጭ ሄደው ብቻውን የቀረ ማን አለ? ሥራ ያቆመስ? በበዓሉ ሌሊት ተረኛ የሚሆንስ? አዲስ ተከራይ ሆኖ የመጣ፣ በግቢው ማንንም የማያውቅ አለ? ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከክፍለ ሀገር ለሥራ መጥቶ አንዲት ክፍል የተከራየ ወጣት በገና ቀን በሩን ዘግቶ ተኝቶ ሲውል ግቢው «አገሩ ሄዷል» ብሎ ያስባል። ሳምንት ሲቀረው «በዓልን የት ነህ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። «እዚሁ ነኝ» ካለ የምሳ ሰዓቱን ነግራችሁ ጨርሱ።

ከስሙ ጎን ምን እንደምታደርጉ፣ መቼና በማን እጅ እንደሚደርስ ይጻፍ። «እማማን መርዳት» የሚል ጽሑፍ ሳይነካ ደብተር ውስጥ ይቀራል። «ለእማማ ሽንኩርት መክተፍ፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ትልቋ ልጄ» ተብሎ ሲጻፍ ግን ይፈጸማል። አቅማችሁንም እወቁ። ስድስት ስም ጽፎ ለሁለቱ ከመድረስ ሁለት ጽፎ ለሁለቱም መድረስ ይሻላል።

ሽንኩርቱና ክተፋው

አትክልት ተራ ፒያሳ በነበረ ጊዜ የእኛ ሰፈር ሰው ዘንቢሉን ይዞ በእግሩ ደርሶ ይመለስ ነበር። በ2012 በኮሮናው ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ መንገዱ ለአቅመ ደካማ የሚሞከር አይደለም። በየሱቁ እየዞሩ በኪሎ መግዛት ደግሞ ያስወድዳል። በእኛ አካባቢ የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው፦ አራት አምስት ቤት ገንዘቡን ያዋጣል፣ ጉልበት ያለው አንዱ ሄዶ በጆንያ ያመጣል፣ እኔ ሚዛን ላይ አድርጌ አከፋፍላለሁ። ሄዳችሁ የምታመጡት እናንተ ከሆናችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የሸመገሉትን በር አንኳኩና «ስንት ኪሎ ላምጣ?» በሉ። «የምትፈልጉት ነገር አለ?» ካላችኋቸው ማንን ላስቸግር ብለው «ምንም» ይሏችኋል።

ከግዢው በላይ የሚከብደው ግን ክተፋው ነው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ብዛቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጣታቸው በቁርጥማት የተያዘ እናት አንድ ኪሎ ሽንኩርት ልጠው ለመክተፍ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። በግቢያችን ከዋዜማው ሁለት ቀን ቀደም ብለው ሦስት ልጃገረዶች ዱካቸውንና መክተፊያቸውን ይዘው እማማ ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። እማማ የሚሠሩት ሥራ አላቸው፤ የተከተፈውን በእጃቸው ዘገን አድርገው እያዩ «ይሄ ደቀቅ ይበል፣ ይሄ ጥሩ ነው» ይላሉ። እዚያው ቡና ይፈላል። ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት ቁሌቱ ተጥዶ ይማሰላል። ሽንኩርት ገዝቶ በር ላይ አስቀምጦ መሄድ ደግ ሥራ ነው፤ ግን እማማ ከሽንኩርቱ እኩል የፈለጉት ሰው ነበር።

ዱቤ

ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ የምነግራችሁ በየዓመቱ የሰው ፊት ሲለወጥ የማየው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

ባለሱቅ ለሆናችሁ፦ በዓል ሲቃረብ መስኮቱ ላይ ሰው ይደራረባል። በዚያ መሀል «የበፊቱ አልተከፈለም እኮ» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። እኔ መዝገቡን ወደ ሰውየው አዙሬ ቁጥሩን በጣቴ አሳየዋለሁ። እሱም በጣቱ ወይም በዓይኑ ይመልስልኛል። ከኋላው ያለው ሰው የሰማው ነገር የለም። መስጠት የማልችል ከሆነ «ማታ ሱቁን ስዘጋ ብቅ በል» እለውና ብቻችንን ስንሆን እንነጋገራለን። ለእያንዳንዱ ቤት እስከ ምን ያህል መቆየት እንደምችል የምወስነው ኅዳር ላይ ነው። በዋዜማው ግርግር መሀል ሲወሰን ፊት እየታየ ይሆናል፤ ደፋሩ ብዙ ይወስዳል፣ ዓይነ አፋሩ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የሌላውን ዱቤ መክፈል ለምትፈልጉ፦ እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ጠዋት ሱቅ ሲከፈት ኑ። መዝገቡን እንድናሳያችሁ አትጠይቁን፤ የሰው ገበና ነው። የምታውቁት የተቸገረ ቤት ካለ ስሙን ንገሩን፣ ከሌለ ገንዘቡን ተዉልንና እኛ እናዳርሰው። ማን እንደከፈለ እንዳይነገር ከፈለጋችሁ አይነገርም።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ዕዳው ሲከፈልለት ያመዋል። በሰፈራችን ያሉ አንድ ጋሼ ጡረታቸው አልበቃ ብሏቸው እያለ «የሰው ገንዘብ አልበላም» ብለው ዘይቱን መልሰውልኛል። ጋሼ ቢላ ሲስሉ የሚደርስባቸው የለም። በሚቀጥለው በዓል የግቢው ሴቶች ልጆቻቸውን ቢላ እያስያዙ ወደ እሳቸው ላኩ። ጋሼ በራቸው ላይ ተቀምጠው በሞረዳቸው አንዱን ከሌላው እያስከተሉ ሳሉት፣ ስለቱንም በአውራ ጣታቸው ጥፍር እየሞከሩ መለሱ። ማታ ከየቤቱ አንዱ እንቁላል፣ አንዱ ዘይት፣ አንዱ ጠላ ሲያመጣላቸው አንዱንም አልመለሱም። ስለዚህ ለምትሰጡት ሰው እሱ የሚችለውን ሥራ ፈልጉለት። ፈትል የሚፈትሉ፣ ልጅ የሚጠብቁ፣ ድፎ ዳቦ አደፋፍ የሚያውቁ አሉ። የእነሱን እጅ ፈልጋችሁ ስትሄዱ የእናንተንም እጅ ይቀበላሉ።

ዶሮ የሚባርክ ሰው

በእኛ ዘንድ ሴት ዶሮ አታርድም። ብቻዋን የምትኖር ሴት በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ዶሮዋን በአንድ እጇ፣ ቢላዋን በሌላው ይዛ በሯ ላይ ትቆማለች፤ የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ «ወንድሜ፣ እባክህ ባርክልኝ» ትላለች። አንዱ «እመለሳለሁ» ብሎ ይቀራል፣ አንዱ ስልክ እያወራ ያልፋል። በውስጥ የጣደችው ውኃ ፈልቶ ፈልቶ ያልቃል። ለሚያልፈው ሰው የደቂቃ ሥራ ነው፤ ለእሷ ግን ቤቷ ወንድ እንደሌለ ለመንገደኛው ሁሉ የምትናገርበት ሰዓት ነው።

አፈታቱ ቀላል ነው። በየግቢው አንድ ጎልማሳ ቀድሞ ይነገረው፣ ሰዓትም ይቆረጥ። የእኛ ግቢ ከዘጠኝ ተኩል ጀምሮ ነው። ሴቶቹ ሰዓቱን ስለሚያውቁ ውኃቸውን በልኩ ይጥዳሉ። ባራኪው እጁን ታጥቦ፣ በጋሼ የተሳለውን ቢላ ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል። ሳይጠራ መሄዱ ነው ዋናው። «በስመ አብ» ብሎ ይባርካል፣ ዶሮዋ እስክትረጋ ይይዛታል፣ ደሙን ውኃ አፍስሶ ያጸዳል፣ «እንኳን አደረሰሽ» ብሎ ወደሚቀጥለው በር ያልፋል። ወጣቶች፣ ይህ ሥራ የእናንተ ነው፤ ሰው እስኪለምናችሁ አትጠብቁ።

ብቻዋን ለምትኖር ሴት አንድ ዶሮ ይበዛል፣ ዋጋውም ይከብዳል። ሁለት ሆነው አንድ ዶሮ ቢሠሩ 12ቱ ብልት ስድስት ስድስት ይደርሳል፣ ከሰሉም አንድ ይሆናል፣ ሲሠሩ ደግሞ ያወራሉ። ፈረሰኛው ለታላቅየዋ ይሂድ። ብልት ማውጣት የማትችል ልጅ ካለች በዚያው ትማራለች። ጾም ስለሆነ ወጡን ማንም አይቀምስም፤ ጨው በዝቶ እንደሆነ የሚነግረን ጾም ያልጀመረ ሕፃን ነው፣ እሱን መዋስም ይቻላል።

መብራቱ

በአንድ ቆጣሪ አራት አምስት ቤት የሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ሁለት ምጣድ እኩል ከተሰካ ይቋረጣል። በዋዜማው ደግሞ ከተማው ሁሉ ስለሚጠቀም ኃይሉ ይዳከማል። ጭቅጭቅ የሚነሳውም በዚህ ነው። እንጀራ ከሁለት ቀን በፊት ቢጋገር አይበላሽም። ተራው በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ትናንሽ ልጆች ያሏትና አቅመ ደካሞቹ ይቅደሙ። ከሰል ያለው የከሰል ምድጃውን ለዶሮው ወጥ ቢያውስ አንድ ቤት ይድናል።

የሚሠሩልን ሰዎች

የቤት ሠራተኛችሁ ለበዓል አገሯ የምትሄድ ከሆነ ደመወዟን ሳምንት ቀደም አድርጋችሁ ስጧት። ለእናቷ ነጠላ፣ ለታናናሾቿ ጫማ መግዛት አለባት። በመጨረሻው ቀን አውቶቡስ ተራም ሆነ ላምበረት መናኸሪያ ትኬት ማግኘት መከራ ነው፤ በዋዜማው ማታ ሥራ ጨርሳ እንድትሄድ ማድረግ መንገድ ላይ እንድታድር መፍረድ ነው። የማትሄድ ከሆነ ደግሞ በበዓሉ ቀን ስታስተናግድ ውላ የተረፈውን እንዳትበላ። ገበታው ሲቀርብ አብራችሁ አስቀምጧት፣ እናቷ ጋ የምትደውልበትንም ሰዓት ስጧት።

የሕንፃ ዘበኞች ሌሊቱን በብርድ ያሳልፋሉ፤ የታኅሣሥ መጨረሻ ብርድ በእኛ ከተማ ቀላል አይደለም። ምግብ ከቤተሰቡ ድርሻ ቀድሞ ይቀነስ። በልተን ስንጨርስ የምናነሳው ትራፊ ነው፣ ይታወቅበታልም። እኔ ወጡ እንደወጣ አንድ ጭን ከአንድ እንቁላል ጋር በክዳን ዕቃ አስቀምጣለሁ፤ ልጄ ቅዳሴ ወጥቶ ጾም ሲፈታ ለዘበኛው ይዞለት ይሄዳል። የምትልኩት ልጅ ከሆነ «ሰጥተህ ና» አትበሉት፤ «በልቶ እስኪጨርስ አብረኸው ተቀመጥ» በሉት። ጥቁር አንበሳ ወይም ምኒልክ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ልትጠይቁ የምትሄዱ ከሆነም ከገጠር መጥተው በሽተኛ የሚያስታምሙትን አስቡ። ለበሽተኛው አትስጡ፣ የተከለከለው ነገር ይኖራል። ለአስታማሚው ግን በዓል ነው፤ ሁለት እንጀራ ጨምሮ መያዝ አይከብድም።

ሐዘን ያለበት ቤት

ሰው ከሞተ በኋላ የመጀመሪያው በዓል ከባድ ነው። የጎረቤት ወጥ ሲሸት የጎደለው ሰው ይታወሳል። ብዙው ሰው በበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ ይሄዳል፤ ሐዘንተኛዋ ግን የምትጨነቀው በዋዜማው ነው፣ ምን እንደምትሠራ፣ ለማን እንደምትሠራ ግራ ገብቷት። ስለዚህ በዋዜማው ጠዋት ሂዱ። «ምን እናግዝሽ?» ከማለት ዕቃውን ይዞ ገብቶ መሥራት ይሻላል። የሞተውን ስም ለመጥራት አትፍሩ። ባሏ እርድ ይወድ ከነበረ «ዘንድሮ በጉን ማን ይገፋልን?» ብሎ ማንሳት ያስለቅሳታል፣ ግን ሰው እንዳልረሳው ታውቃለች።

ሙስሊም ጎረቤት

በእኛ ግቢ ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም አለን። የእኛን ሥጋ እነሱ፣ የእነሱን እኛ አንበላም፤ ይህ ማንንም አለያይቶ አያውቅም። ለእነሱ ዶሮውን ከነነፍሱ እንሰጣለን፣ ራሳቸው አርደው ይሠራሉ። ያ ካልተቻለ ድፎ ዳቦ፣ ፈንዲሻ፣ ለስላሳ፣ ፍራፍሬና ቡና አለ። ለዒድ እነሱም እንዲሁ ያደርጉልናል። ቡናው ላይ ሁላችንም እንገኛለን፤ ቡናውን በገና የምታፈላው ሙስሊሟ ጎረቤታችን ናት፣ እኛ ደክመን ስለምንውል።

የተበተኑት

በ2016 የፒያሳ አካባቢ ቤቶች ሲፈርሱ ከእኛ ጋር ቅርጫ ይካፈሉ የነበሩ ቤተሰቦች ወደየኮንዶሚኒየሙ ሄደዋል። እነሱን በዋዜማው ለመጠየቅ ማሰብ ታክሲ ሰልፍ ላይ መዋል ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቅርጫው ነው፦ መዋጮውን ከኅዳር ጀምሮ በየሳምንቱ እቀበላለሁ፤ ሙሉ መደብ የማይችሉ ሁለት ቤቶች አንድ መደብ ይካፈላሉ። በሬው የሚታረደው በበዓሉ ጠዋት ስለሆነ የራቁት ሥጋቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ምሳቸውን እዚሁ ይበላሉ።

ሁለተኛው ጥምቀት ነው። ጥር 10 ከተራ ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ይወርዳሉ፣ ጥር 11 አብዛኞቹ፣ ጥር 12 ደግሞ ሚካኤል ይመለሳል። የድሮ ጎረቤቶቻችን የትም ቢኖሩ ለዚያ ወደዚህ ይመጣሉ። እንገናኝ ይሆናል ብሎ መተው አይሠራም፤ ጃን ሜዳ በዚያ ሕዝብ መሀል ሰው አይገኝም፣ ስልክም ይጨናነቃል። ከሳምንት በፊት ደውላችሁ ቦታና ሰዓት ቁረጡ። እኛ ከሥርዓቱ በኋላ ስድስት ሰዓት ላይ በአንድ ጎረቤታችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ዳቦ አንዱ፣ ጠላ አንዱ ያመጣል። ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ እንደተመረቀች፣ ዕድሩ ውስጥ ማን ወርኃዊ መክፈል እንዳቃተው የምሰማው እዚያ ነው።

ለሌላው ሰው ደግሞ ስልክ አለ። ለሁሉም የሚላከው አበባና ሻማ ያለበት ምስል ይቅርና ለጥቂቶቹ በስማቸው ጠርታችሁ ደውሉ። በዋዜማው መስመር ስለማይገኝ ከዚያ በፊት ይሁን።

በዓሉ ካለፈ በኋላ

ከገና ማግሥት እስከ ጥር መጨረሻ ሰው ኪሱ ባዶ ነው። ባለሱቆች፣ ደመወዝ እስኪወጣ ዱቤ አትጠይቁ። የሚከፍል ሰው ራሱ ይመጣል፤ ያልመጣውን ከደመወዝ በኋላ ብቻውን ስታገኙት በለሆሳስ ጠይቁት፣ መክፈል ካልቻለ በየሳምንቱ የሚሰጠውን ተስማሙ። አበዳሪ ጎረቤቶችም እንዲሁ አድርጉ። የሰጣችሁበትን ዕቃ «ክዳኔ የታለ?» ብላችሁ አትላኩ፤ ሰው ባዶ ዕቃ መመለስ ስለሚያፍር የሚጨምርበት እስኪያገኝ ያቆየዋል። እኔ ለስጦታ የሚሆን የክዳን ዕቃ ለብቻው አለኝ፣ ባይመለስም ቅር አይለኝም።

ደብተሩን ሳትጥሉ ዘንድሮ ያመለጣችሁን ስም በሚቀጥለው ገጽ መጀመሪያ ላይ ጻፉት። ዓቢይ ጾም ሲገባ የፋሲካውን የቅርጫ መዋጮ መቀበል እጀምራለሁ፤ ግማሽ መደብ የምትፈልጉ ቀድማችሁ ንገሩኝ፣ አጣማሪ እፈልግላችኋለሁ።